ወንድ ልጃችንን እናስገርዘው ወይስ እንተወው? ሒሳቡ አልገጥም አለኝ

ሒሳብ ሠራተኛው

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነው፤ ገና አራስ ነው። እኔና ባለቤቴ በአንድ ነገር ሁለት ልብ ሆነናል። እናስገርዘው ወይስ እንተወው? እምነቱ ግድ የሚለው ሰው መልሱ እጁ ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም። እኛ ቤት ግን ግዴታ የለም። ነገሩን በጤና ሚዛን ብቻ አይተን ብንወስን ነው ደስ የሚለን።

የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። እንደ ልማዴ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል ጥቅሙን፣ በሌላ በኩል ጉዳቱን መጻፍ ጀመርኩ። አልሆነም። የጥቅሙ ዓምድ “ይቀንሳል፣ ይቀንሳል” ይላል። ከስንት ወደ ስንት? ዝም። የጉዳቱ ዓምድ “ለሞት ሊዳርግ ይችላል” ይላል። ከስንት ሺህ አንዱን? አሁንም ዝም። “60 በመቶ ይከላከላል” የሚለውን ስንት ቦታ አነበብኩት መሰላችሁ፤ የምን 60 በመቶ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ባቀርብ አለቃዬ ፊቴ ላይ ነው የሚወረውረው።

ባለቤቴ “አራስ እያለ ይገላገለው፤ ምንም አያስታውስም፤ ከፍ ካለ ስቃዩ ይብሳል” ትላለች። እኔ ደግሞ ምንም ያልታመመ ልጅ ምላጭ ፊት ማቅረብ አንጀቴ አልችል አለ። አማቴ በበኩላቸው “ዳይፐር በቀየራችሁ ቁጥር ሸለፈቱን ወደ ኋላ እየሳባችሁ እጠቡት፤ ካልሆነ ይቆሽሻል” ብለውናል። ቀስ ብዬ ሳየው ግን አይሳብም። ጠቦበት ነው? ወይስ የአራስ ሁሉ እንዲሁ ነው?

የሚያውቅ ሰው በቁጥር ቢያስረዳኝ ውለታው አይጠፋኝም። “የኔ ልጅ ምንም አልሆነም” የሚለውን በብዛት ሰምቻለሁ፤ እሱን ለጊዜው ተዉልኝ።

የወንዶቹ እናት

ተዉልኝ ብትልም እኔ እናገራለሁ። ወንዶች ልጆቼን በሙሉ በአራስነታቸው ነው ያስገረዝኩት፤ አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። ትንሽ ተነጫነጩ፣ ጡት ጠቡ፣ ተኙ። አለቀ። የአሁን ወላጆች ነገር ታበዛላችሁ ወንድሜ። ባለቤትህ ልክ ናት።

የማታ ተረኛ ነርስ

እንኳን ደስ አላችሁ። የምሠራው የህፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ተገርዘው ችግር የገጠማቸውም፣ ሳይገረዙ ችግር የገጠማቸውም እኛ ጋ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ሲያጋንን ቶሎ ይገባኛል። መልሴ ረዘም ይላል፤ ቻለኝ።

ከአማትህ ምክር ልጀምር፤ እሱ ነው የማይቆየው። እሳቸውን በአክብሮት እምቢ በሉ። ሸለፈቱን አትሳቡት። አራስ ልጅ ላይ ሸለፈቱና የብልቱ ጫፍ እንደ ጥፍርና ሥጋ የተጣበቁ ናቸው። ብሪታኒያዊው የህፃናት ሐኪም ዳግላስ ጌርድነር በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከአራሶች መካከል ሸለፈታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚሄደው 4 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በ1968 ደግሞ ዴንማርካዊው ያኮብ ኦስተር ተማሪዎችን መርምሮ ነበር። ከ6 እስከ 7 ዓመት ካሉት 8 በመቶዎቹ ጠባብ ሸለፈት ነበራቸው፤ ከ16 እስከ 17 ባሉት ግን 1 በመቶ ብቻ ቀርቷል። ማንም ሳይነካው ራሱ ይላቀቃል ማለት ነው። አንዳንዱ ልጅ ላይ እስከ ጉርምስና ይቆያል፤ ያም በሽታ አይደለም።

በጉልበት ከተሳበ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። የተሰነጠቀው ሲድን ጠባሳ ይሠራል፤ እውነተኛው ጥበት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ወይም ወደ ኋላ ሄዶ አልመለስ ይልና የብልቱን አንገት ያንቃል። ጫፉ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ልጁ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። አሁን የሚያስፈልገው ከውጭ በኩል በንፁህ ውሃ ማጠብ ብቻ ነው። ሌላ ምንም።

ወደ ቁጥሮችህ ልምጣ። ለህፃን የሚታየው ትልቁ ጥቅም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መቀነሱ ነው። ካልተገረዙ ወንዶች ህፃናት በመጀመሪያው ዓመት ከ100 አንዱ ገደማ ይይዘዋል። ከተገረዙት ከ1000 አንድ ወይም ሁለቱን። “እስከ አሥር እጥፍ ይቀንሳል” ብሎ መጻፍም ይቻላል፣ “ከ1 በመቶ በታች ልዩነት ነው” ብሎ መጻፍም ይቻላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። በ2005 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ፣ አንድ ኢንፌክሽን ለማስቀረት 111 ጤነኛ ልጆች መገረዝ አለባቸው ብሎ አስልቷል። ኢንፌክሽኑ እየተመላለሰ ለሚይዘው ልጅ ግን ቁጥሩ ወደ 11 ይወርዳል። ሽንቱ ወደ ኩላሊቱ በከፍተኛ ደረጃ ለሚመለስበት ደግሞ ወደ 4። ለእነዚህ ልጆች ሐኪሙ ግርዛት ቢል እኔም አብሬ “እሺ በሉ” እላለሁ። የአንተ ልጅ ግን እስካሁን ከ111ዱ ወገን ነው።

ያ 60 በመቶ የኤችአይቪ ነው። ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ተደርገዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ ኬንያ ኪሱሙ፣ ዩጋንዳ ራካይ። ውጤታቸው በ2005 እና በ2007 ነው የወጣው። የተገረዙት ወንዶች ከሴት ጋር በሚደረግ ግንኙነት በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የሸለፈቱ የውስጥ ገጽ ስስ ነው፤ ቫይረሱ የሚይዛቸው ሴሎችም እዚያ ይበዛሉ። ከዚያ በኋላ በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስ፣ ቫይረሱ በሰፊው በተሠራጨባቸውና የተገረዙ ወንዶች በሚያንሱባቸው አካባቢዎች እንደ ተጨማሪ መከላከያ እንዲሰጥ መከሩ። ተጨማሪ ነው ያሉት፤ ኮንዶምን ይተካል ያለ የለም። ጥናቱ ውስጥ የገቡትም አዋቂዎች ናቸው፤ ራሳቸው ፈርመው። ዳይፐር ላይ ላለ ልጅ ይህ ጥቅም ቢመጣ እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ፣ እንዲሁም ሄርፒስ በተገረዙት ላይ ቀንሰው ታይተዋል። ለኤችፒቪ ግን ክትባት አለው።

የብልት ካንሰርን ብዙ ሰው ያነሳዋል። በሀብታም አገሮች በዓመት ከ100,000 ወንዶች አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። ለዚያ ብቻ ብሎ ማስገረዝ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አይመስለኝም።

አሁን ጉዳቱ። በ2010 የተሰበሰቡ ጥናቶች ላይ፣ በአራስና በጨቅላ ሲደረግ ችግር የሚገጥማቸው በአማካይ 1.5 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ከፍ ባሉ ልጆች 6 በመቶ ገደማ። አብዛኛው ቀላል ነው። ትንሽ መድማት፣ ማበጥ፣ በቅባት የሚድን ኢንፌክሽን። ዘግይቶ የሚመጣም አለ፤ የሽንት ቀዳዳው ይጠብና ልጁ ሲሸና ሽንቱ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ላይ ይወረወራል። ከባዱ ጉዳት፣ የብልቱ ጫፍ መቆረጥን የመሰለው፣ በጣም ጥቂት ነው፤ ግን የለም አይባልም። እዚህ ላይ አስምርበት፦ እነዚህ ቁጥሮች በሠለጠነ እጅና በተቀቀለ መሣሪያ ለተደረገ ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ቁጥሩን እርሳው።

የወንዶቹ እናት፣ ልጆችሽ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። ግን 1.5 በመቶ ማለት እኮ ከ100 እናቶች 98ቱ ልክ እንዳንቺ ይናገራሉ ማለት ነው። እኔ የማገኘው የቀሩትን ነው።

“አያስታውስም” ለሚለው፦ በ1997 አና ታዲዮ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ቶሮንቶ ላይ ወንዶች ህፃናት በ4 ወይም በ6 ወራቸው ሲከተቡ ተመልክታ ነበር። ያለ ማደንዘዣ የተገረዙት መርፌው ላይ ካልተገረዙት የበለጠ ያለቅሱ ነበር። ልጁ ያስታውሳል ማለቴ አይደለም። ሰውነቱ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ “ያለ ማደንዘዣም ይቻላል፣ ህፃን ነው” የሚላችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ታቅፋችሁ ውጡ። የሚሻለው በብልቱ ሥር የሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌ ነው። ቅባቱ ብቻውን አይበቃም። ስኳር ውሃ ማጥባት ደግሞ ደጋፊ ነው እንጂ ማደንዘዣ አይደለም።

የሐኪሞች ማኅበራትም አልተስማሙም። የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፤ ግን ለሁሉም አራስ ይደረግ ለማለት የሚያበቃ አይደለም ብሎ ለወላጅ ተወው። የካናዳ አቻቸው በ2015 ለሁሉም አራስ አይመከርም አለ። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ማኅበር በ2010 ጭራሽ ያለ ሕክምና ምክንያት ባይደረግ ይሻላል ብሏል። ያዩት መረጃ ተቀራራቢ ነው። የተለያዩት ሲመዝኑት ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላቁም። ከማስገረዝ በፊት የሽንት ቀዳዳው የት ጋ እንደሆነ ሐኪም ይይ። ከ300 ወንዶች በአንዱ ገደማ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ይሆናል። ሃይፖስፓዲያስ ይባላል። ለዚያ ልጅ ሸለፈቱ መጠገኛው ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ቀዳዳውን የሚሠራበት ቆዳ ከዚያው ነው የሚወሰደው። ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ከየት ይመጣል? ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም የታመመ አራስም ይጠብቅ።

ያወራሁት ሁሉ ስለ ወንድ ልጅ ነው። የሴት ልጅ ግርዛት አንድም የጤና ጥቅም የለውም፤ ይህን ሚዛን ለእሱ የሚጠቀም እንዳይኖር።

ቅባቱ ያዳነው

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር። ልጃችንን አላስገረዝነውም። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ሲሸና ሸለፈቱ እንደ ፊኛ መነፋት ጀመረ፤ ከዚያ ሽንቱ ይንጠባጠባል። የውስጥ ሱሪው ሁሌ እርጥብ ነው። መምህሯ ጠርታ ሽንቱን መቆጣጠር አቅቶታል አለችን። ልጁ አፍሮ ዝም ብሎ ነበር ለካ።

የወሰድነው የመጀመሪያው ቦታ “ቶሎ ይገረዝ” አሉንና ቀጠሮ ሰጡን። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄድን። እሷ በብርሃን ጫፉን በደንብ አየችው፤ ነጭና ጠንካራ ጠባሳ እንዳለው ነው የፈለገችው። የለውም። ቢኖረው ኖሮ ወደ ግርዛት እንደምትልከን ነገረችን። ከዚያ ቤታሜታዞን የሚባል ቅባት አዘዘችልን። በቀን ሁለቴ፣ የጠበበው ቀለበት ላይ ብቻ፣ በስሱ። ቅባቱ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ሳይታመም ቀስ እያለ ይለጠጣል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል ብላን ነበር፤ እኛም በዚያው መሃል ሽንቱ ቀጥ ብሎ መውጣት ጀመረ። አሁን ሲታጠብ ራሱ ይስበዋል፣ አጥቦ ይመልሰዋል። ማስተማር ያለብን “መመለሱን” ነበር፤ ወንዶች ልጆች መሳቡን እንጂ መመለሱን አያስታውሱም።

ጠበበ ማለት ሁሉ ምላጭ ማለት እንዳልሆነ ለማለት ያህል ነው።

ለራሱ ይተው

እዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ አንድ ሰው ጠፍቷል፤ ልጁ። ሰውነቱ የእሱ ነው። የኤችአይቪው ጥቅም አዋቂ ሲሆን ነው የሚመጣው ካላችሁ፣ አዋቂ ሲሆን ይወስን። የተቆረጠ ቆዳ ተመልሶ አይበቅልም። ያልተገረዘ ሰው ግን በፈለገው ዕድሜ መገረዝ ይችላል። ወላጅ ለልጁ የሚወስነው መወሰን ግድ ሲሆን ነው።

የማታ ተረኛ ነርስ

ለራሱ ይተው፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ እኔም ከሞላ ጎደል ወደዚያ አደላለሁ። ግን ተቃራኒውንም ሰው ይወቀው። ትልቅ ሰው ሲገረዝ መስፋት አለ፣ ፈውሱ ይረዝማል፣ ለሳምንታት ከግንኙነት መታቀብ አለ። በአራስነት የሚገኘው የሽንት ኢንፌክሽን ጥቅምም ያኔ አልፏል። መጠበቅም የራሱ ዋጋ አለው፤ ነፃ አይደለም። ስሜትን ይቀንሳል የሚለውን ደግሞ በኬንያና በዩጋንዳዎቹ ጥናቶች ውስጥ ጠይቀዋቸው፣ በተገረዙትና ባልተገረዙት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። እነሱ ግን በአዋቂነት የተገረዙ ናቸው።

ቀለበቱ የወደቀለት

እኛ አስገርዘናል፤ በፕላስቲክ ቀለበት ነው የተሠራለት። ለሚያስገርዝ ሰው የሚጠቅም ነገር ልናገር፤ ቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ በጣም ነው የደነገጥነው።

ቀለበቱ በክር ይታሰርና ልጁ ላይ ይቀራል። ከክሩ በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደርቃል። በሳምንት ዕድሜ ውስጥ ነው ራሱ የሚወድቀው፤ አንዳንዱ ትንሽ ይቆያል። መጎተት የለም። መሃል ላይ ጫፉ ቢጫ ነገር ያለብሳል። እኔ መግል መሰለኝ። በጥጥ ልጠርግለት ስል ባለቤቴ እጄን ያዘኝ፤ ስትደውል ነርሷ “እሱ የመዳን ምልክት ነው፣ አትንኩት” አለቻት። መግል ቢሆን ይሸታል፣ ዙሪያው ይቀላል፣ ቅላቱ ወደ ሆዱ እየሰፋ ይሄዳል።

ዳይፐሩ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ደህና አድርጋችሁ ቀቡ። ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። የሕመም ማስታገሻውን በክብደቱ ልክ ነው የሚሰጠው፤ ገምቶ መስጠት አይገባም።

ሒሳብ ሠራተኛው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማታ ተረኛ ነርስ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ወይም ይስጥህ፤ ማን እንደሆንክ አላወቅኩም። የወንዶቹ እናት፣ አልተቀየምኩም።

ወረቀቴን ደግሜ ሠራሁት። 111 ጤነኛ ልጆች ተገረዙ እንበል። አንድ የሽንት ኢንፌክሽን ቀረ። ከዚያው 111 ላይ 1.5 በመቶ ስናሰላ ደግሞ ወደ 1.7 ልጅ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ደማ፣ አበጠ ወይም ቅባት አስፈለገው ማለት ነው። አንዱ ኢንፌክሽን ትኩሳትና አንቲባዮቲክ ነው፤ አንዳንዴ መተኛትም አለው። አንዱ መድማት ብዙ ጊዜ በጎዝ ተጭኖ ይቆማል። ዕቃው አንድ አይደለም እንጂ ክብደቱ ተቀራራቢ ነው። ሚዛኑ ወደ የትኛውም ወገን ዘፍ አላለም። ለካ ሒሳቤ አልገጥም ያለው ትልቅ ልዩነት ፈልጌ ነው። ትልቅ ልዩነት የለም።

ለባለቤቴ አሳየኋት። “እንግዲያው ጉዳት ከሌለው እናስገርዘው” አለች። እኔ “ጥቅሙ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ እንተወው” አልኩ። አንድ ወረቀት አይተን ሁለት መልስ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወሬ ወሬን ያነሳዋል፤ አማቴ ስለ ደም ሲወራ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም አነሱ። ልጅ ሳለ ጥርሱ ተነቅሎ ደሙ ሌሊቱን ሙሉ አልቆም ብሎ ሐኪም ቤት አድሯል። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ በትንሽ ነገር እንደሚያብጥም ተናገሩ። ማንም ምርመራ አላደረገለትም፤ “ደሙ ቀጭን ነው” እየተባለ አድጓል። ባለቤቴ ራሷ ግን ምንም የላትም፤ በወሊድም ከተለመደው በላይ አልደማችም። ለልጃችን ያሳስባል?

የማታ ተረኛ ነርስ

ሴት ነኝ። አዎ፣ ያሳስባል። ቀጠሮ ከያዛችሁ ሰርዙ። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሄሞፊሊያ የሚባለው የደም አለመርጋት በሽታ በእናት በኩል ነው ወደ ወንድ ልጅ የሚሄደው። እናትየው ተሸካሚ ሆና ምንም ምልክት ላይኖራት ይችላል። የእናትየው ወንድም ጥርስ ተነቅሎለት ሌሊቱን መድማቱ፣ መገጣጠሚያው በትንሽ ነገር ማበጡ፣ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። በአባት በኩል ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልደነግጥም ነበር።

ለምን እንደምፈራ ልንገርህ። አራስ በኪሎ ከ80 እስከ 85 ሚሊ ሊትር ደም ነው ያለው። ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ልጅ በሙሉ ሰውነቱ ያለው 300 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ዳይፐር ደግሞ ደም ይጠጣል፤ 30 ሚሊ ውስጡ ገብቶ ከውጭ ብዙ አይመስልም። ያ ግን የልጁ ደም አንድ አሥረኛ ነው። ከተገረዙ በኋላ ደማቸው አልቆም ብሎ እኛ ጋ ከመጡት ውስጥ በሽታው የታወቀላቸው ያን ዕለት የሆኑ ልጆች አሉ። ቤተሰቡ “የተሠራው ባግባቡ አይደለም” ብሎ ነበር የመጣው። ቆራጩ አላጠፋም ነበር።

እና ለህፃናት ሐኪሙ የአጎቱን ታሪክ ልክ እዚህ እንደጻፍከው ተናገር። “ደም መርመሩልን” ብቻ አትበል። ምክንያቱም አራስ ላይ አጠቃላይ የደም መርጋት ምርመራው ያሳስታል፤ የጤነኛ አራስም ከአዋቂ ረዘም ብሎ ነው የሚታየው። ሐኪሙ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 የሚባሉ ፕሮቲኖች ለየብቻ እንዲለኩ ያዝዛል። ፋክተር 8 ቀኑን ጠብቆ በተወለደ አራስ ላይም ይታመናል። ፋክተር 9 ግን በጤነኛ አራስም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ አጠራጣሪ ከሆነ ከወራት በኋላ ይደገማል። ፎን ቪልብራንድ የሚባል ሌላ በሽታም አለ፤ እሱ በእናትም ሆነ በአባት በኩል ሊመጣ ይችላል፤ ቀላሉ ዓይነት አራስ ላይ ሊደበቅ ይችላል። የመጀመሪያው ውጤት ደህና ነው ሲባል “ሊደገም ያስፈልጋል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ሲወለድ ጭኑ ላይ ቫይታሚን ኬ ተወግቶ እንደሆነም ካርዱን እዩት። አራስ ሁሉ ቫይታሚን ኬ ያንሰዋል፤ ካልተወጋ ጤነኛውም ሊደማ ይችላል። እሱ ግን ሄሞፊሊያን አይከላከልም፤ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክትባቱን ደግሞ እንዳታቋርጡ፤ ከመወጋቱ በፊት ለነርሷ ንገሩና በቀጭን መርፌ ትወጋዋለች፣ ቦታውንም ቆየት አድርጋ ትጫነዋለች።

አጎቱም ይመርመር። ከልጁ ቀድሞ እሱ ቢመረመር ይቀላል፤ የአዋቂ ውጤት ብዥታ የለውም። እሱ ላይ የበሽታው ስም ከታወቀ፣ የልጁ ምርመራ የት መጀመር እንዳለበት ይታወቃል።

የወንዶቹ እናት

እኔ እንኳ የዚህን ነገር ሰምቼ አላውቅም። በእኛ ወገን የሚደማ ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወንድሜ፣ ባለቤትህ አሁን ምን አለች?

ሒሳብ ሠራተኛው

ያልሽውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሳልጨርስ ወንድሟ ጋ ደወለች። “ደሜ ቀጭን ነው እኮ፣ ምን አዲስ ነገር አለ” ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ እናቱ ስልኩን ተቀብለው ተቆጡት። ሰኞ አብሮን ይሄዳል። ካርዱ ላይ ቫይታሚን ኬ ተወግቷል ይላል፤ ፊርማም አለው። የግርዛቱን ክርክር ለጊዜው ዘግተነዋል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

የማታ ተረኛ ነርስ

ጥሩ። እስከዚያ ልጁ ያለ ምክንያት ሰውነቱ ላይ ትልልቅ ሰማያዊ ምልክት ካወጣ፣ እትብቱ የወደቀበት ቦታ ደም ማንጠባጠብ ካላቆመ፣ ወይም ክትባት የተወጋበት ቦታ ካበጠና ከጠነከረ ሰኞን አትጠብቁ። ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታም እንደዚያው፤ ደህና ቢመስልም ውሰዱት። ሲገቡ መጀመሪያ የሚነገረው “አጎቱ ይደማል” የሚለው ነው።